ከአጨዳ በኋላ አገዳውን ምን እናድርገው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ማሽላው ተቆርጦ፣ ጤፉ ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀር ብዙ ነገር አለ፦ የማሽላ ጉቶ፣ የተሰባበረ አገዳ፣ የተነቀለ አረም፣ ከአውድማው ዳር የተጠረገ እብቅ። ሁሉንም በአንድ ክብሪት መጨረስ ይቻላል። ለከብት ማዋል፣ እዚያው መሬቱ ላይ መተው፣ ኮምፖስት ማድረግ፣ ማክሰል ወይም መሸጥም ይቻላል። እነዚህን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሻል ልናገር ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ማቃጠል ከኪስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ዋጋውን ግን ጎረቤት በዚያው ሳምንት በሳንባው፣ መሬቱ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት በምርቱ ይከፍለዋል። ስለዚህ ክብሪቱ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ከዚያ በመለስ ያለው ምርጫ ግን ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም።

የእርሻ ጭስ ወሰን አያውቅም

የዚህን ነገር ክብደት ከማንም በላይ ያዩት የሩቅ ምሥራቅ አገሮች ናቸው። በኢንዶኔዥያ፣ በተለይ በሱማትራና በካሊማንታን፣ ለዘይት ዘንባባና ለወረቀት እንጨት የሚሆን መሬት ለማጽዳት በደረቁ ወቅት እሳት ይለኮሳል። ብዙው መሬት ለዘመናት ከተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ የተሠራ፣ ፒት የሚባል አፈር ነው፤ ሲደርቅ አፈሩ ራሱ ይነዳል፣ ከመሬት በታች እየጤሰም ሳምንታት ይቆያል። የኤልኒኞ ድርቅ በጠናባቸው በ1997 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ጭሱ ባሕር ተሻግሮ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ሸፍኖ ሰነበተ፤ በ2015ቱ ጊዜ ሲንጋፖር ትምህርት ቤቶቿን እስከ መዝጋት ደርሳለች። የአካባቢው አገሮች ማኅበር አሴያን በ2002 ኩዋላ ላምፑር ላይ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ጭስ የጋራ ስምምነት ፈረመ። የጭሱ ዋና ምንጭ የሆነችው ኢንዶኔዥያ ግን ያጸደቀችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ሲንጋፖር በበኩሏ፣ እሳቱ የተለኮሰው ከወሰኗ ውጭ ቢሆንም አየሯን የበከለውን ኩባንያ በቀን እስከ 100,000 የሲንጋፖር ዶላር የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የሕንድ ታሪክ ነው፤ እዚያ የሚያቃጥለው ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን ገበሬ ነውና። በፑንጃብና በሃርያና ሩዙ በኮምባይነር ከታጨደ በኋላ ስንዴ እስኪዘራ ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውሃውን ለመቆጠብ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ የሩዝ ተከላውን ወደ ኋላ ስለገፋው አጨዳውም ዘገየ፣ ያቺው ጠባብ ጊዜ ይበልጥ ጠበበች። ገበሬው ያለው ምርጫ ገለባውን መለኮስ ሆነ። ጭሱ ወደ ዴልሂ ይወርዳል፤ ከወዲያ ማዶ በፓኪስታን ላሆርም እንዲሁ ይታፈናል። ቅጣት ታወጀ፤ እሳቱ ግን በቅጣት ብቻ አልቆመም። ገለባውን ሳያነሳ በላዩ ላይ ስንዴ የሚዘራ ሃፒ ሲደር የተባለ መሣሪያ የተሠራው ገበሬውን ከዚህ ጥበት ለማውጣት ነው። ሌላ መንገድ ሳያሳዩ "አታቃጥል" ማለት የትም አገር አልሠራም፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሳተላይት ሲታይ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚገኘው በአፍሪካ ነው። በእኛም በኩል በበጋ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉልና ከዚያ ወዲያ በደቡብ ሱዳን ሣሩ በሰፊው ይነዳል። ወሎ እንደዚያ አይደለም። እዚህ ጭድ ገንዘብ ነው፤ የጤፍ ጭድ የሚያቃጥል ሰው አይገኝም። የሚቃጠለው ጉቶው፣ አረሙ፣ የተመነጠረው ቁጥቋጦና ከብት ቅጠሉን በልቶ የተወው ወፍራም አገዳ ነው። ሲያዩት ጥቂት ይመስላል። የሚቃጠልበት ወቅትና የአገሩ አቀማመጥ ግን ያከፋዋል።

ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ቦርከና ሸለቆ ይወርድና ሞቅ ያለው አየር ከላይ ይከድነዋል። አመሻሽ ላይ የተለኮሰ እሳት ጭሱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይተኛል። በታኅሣሥ ማለዳ ከሐረጎ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ ያገኘዋል። የየጎፍ ተራራ አናት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ግራጫ ጭስ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቶ የቤቶቹን ቆርቆሮ ውጦታል፤ መኪናው ጠመዝማዛውን ወርዶ ሲጨርስ የአገዳ ጭስ ሽታ በመስኮት ይገባል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው አየሩ ዳገት ለዳገት ሽቅብ መሄድ ይጀምራል፤ ጭሱንም ይዞት ይወጣል። ቃሉ ላይ የተለኮሰውን የደሴ ሰው ይስበዋል፤ ተሁለደሬ ላይ የተለኮሰውን የሐይቅ ከተማ ሰው። የለኮሰውና የሚያስለው አይተዋወቁም። በእርግጥ የከተሞቻችንን አየር የሚያበላሸው የእርሻ እሳት ብቻ አይደለም፤ የመኪናው፣ የፋብሪካው፣ የቆሻሻውና የማድቤቱ ጭስ አለ። የእርሻው የሚጨመረው በዚያ ሁሉ ላይ ነው።

ጭሱ ውስጥ አደገኛው በዓይን የሚታየው ጥላሸት ሳይሆን ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ሃያ ጊዜ በላይ ያንሳል፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደም ይዘልቃል። ቀናት አየር ላይ ይቆያል፣ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ መጠን በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም፣ በዓመት አማካይ ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀድሞ የሚጎዳው አስም ያለበት ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና የልብ ሕመምተኛ ነው።

ክብሪቱ በእውነት ምን ይሰጣል?

ገበሬ ያለ ምክንያት አያቃጥልም። ማሳው ቶሎ ይጸዳል፣ በሬ ሲጠመድ አገዳው ማረሻ ላይ አይጠላለፍም፣ ተባይ ይሞታል፣ አመዱ መሬት ያዳብራል ይላል። አንድ በአንድ እንያቸው።

የጉልበቱ ነገር እውነት ነው። ሰው በሌለው ቤት፣ ልጆች ወደ ከተማ በወጡበት ቤት፣ የአንድ ጥማድ ማሳ ጉቶ ነቅሎ መከመር ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ችግር በደቦ ወይም በጅጌ ካልሆነ በምክር ማቃለል አይቻልም።

የአመዱ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ፖታሲየሙና ካልሲየሙ፣ ከፎስፈረሱም ብዙው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ናይትሮጅኑ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ይህ ናይትሮጅን ገበሬው ክረምት ላይ በስንት ወረፋና ገንዘብ ዩሪያ ብሎ የሚገዛው ያው ነገር ነው። አፈሩን ልል የሚያደርገው፣ እርጥበት የሚያሲዘው ብስባሽም ሳይሆን ይቀራል። አመዱንም ቢሆን የበጋ ነፋስ ያነሳዋል፤ የተረፈውን ደግሞ የመጀመሪያው የበልግ ጎርፍ ከተዳፋቱ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል።

ተባዩን በሚመለከት እሳት አገዳ ቆርቁርን ይገድላል፤ ትሉ በጋውን የሚያሳልፈው አገዳው ውስጥ ተደብቆ ነውና። ይህን ግን ፀሐይም ትሠራዋለች። አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው ሳይከመርና ሳይቆም ማሳው ላይ ለአራት ሳምንት ያህል ተጋድሞ ፀሐይ ቢመታው ትሉ በአብዛኛው ይሞታል፤ በአገራችን በተደረገ ምርምርም የተረጋገጠ ነው። ቆሞ የተደገፈ አገዳ በአንጻሩ ለትሉ ጥላ ይሆነዋል። ከአራቱ ሳምንት በኋላ ሰብስቦ ለመኖ፣ ለአጥር ወይም ለማገዶ ማዋል ይቻላል።

አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጥገኛ አረም ደግሞ እሳት አያሸንፈውም። ዘሩ እጅግ የደቀቀ ነው፤ አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይበላሽ ይቆያል። ከላይ የሚያልፍ ነበልባል ከሥር ያለውን አይነካውም። ለአቀንጭራ የሚበጀው አበባ ሳያወጣ መንቀል፣ ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ፣ ለቆላው ደግሞ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ አቀንጭራ የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን መዝራት ነው።

ከዚህ ሌላ እሳት ከማሳ ማምለጡ አለ። የጎፍ ደን ሥር ባለ ማሳ ላይ ከሰዓት በኋላ እሳት የሚለኩስ ሰው፣ ሽቅብ በሚነፍሰው ነፋስ እሳቱን ወደ ጫካው እየላከው ነው።

ለከብት ማዋል

ከብት ላለው ሰው ውይይቱ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ግንቦት ላይ መኖ አልቆ በሬ በሚከሳበት አገር የሚበላ ነገር ማቃጠል አያስኬድም። ሆኖም ተረፈ ምርት ሁሉ እኩል አይደለም። የባቄላ፣ የምስርና የሽምብራ ገለባ ከሁሉም የተሻለ ፕሮቲን አለው፤ ለሚታለብ ላምና ለጥጃ መቀመጥ ያለበት እሱ ነው። የጤፍ ጭድ ይከተላል፤ ለስላሳ ነው፣ ከብትም ይወደዋል። የስንዴና የገብስ ጭድ ከዚያ ዝቅ ይላል። የማሽላና የበቆሎ አገዳ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ይበላል፣ ግንዱ ይረገጣል፣ ከዚያ ክብሪት ይጠብቃል።

ግንዱን ለማስበላት የመጀመሪያው ሥራ መቆራረጥ ነው። በገጀራም ሆነ በማሽን ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መክተፍ፣ ጥቂት ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ማርከፍከፍ፣ ከጥራጥሬ ገለባ ወይም ከፋጉሎ ጋር ቀላቅሎ በግርግም ማቅረብ። መሬት ላይ ከተበተነ ግማሹ ተረግጦ ይቀራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ማሽላ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ከብት የሚገድል መርዝ አለው። ደረቅ አገዳ አያሰጋም፤ ከብት ወደ ማሳው ሲለቀቅ ግን ያንን ለጋ አቆጥቋጭ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ለሚፈልግ ጭድን በዩሪያ ማከም አለ። ጭድ ያለው ፕሮቲን ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው፤ በከብት ሆድ ውስጥ ገለባ የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ግን ሥራቸውን ለመሥራት ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ይሻሉ። ከብት ሆዱን በጭድ ሞልቶ የሚከሳው ለዚህ ነው። አሠራሩ ይኸው ነው፦ ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ ወይም የተከተፈ አገዳ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ጉድጓድ ቆፍረው ውስጡን በላስቲክ ያለብሱታል። ጭዱን በስሱ ያነጥፋሉ፣ የዩሪያውን ውሃ በውሃ ማጠጫ እኩል ያርከፈክፋሉ፣ አየር እንዳይቀር በእግር ጠቅጠቅ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። ሲሞላ ላስቲኩን ከላይ አጥፈው አፈር ይጭኑበታል። ሦስት ሳምንት አይነካም። ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ የአሞኒያ ሽታ ይወጣል፤ ገርጥቶ የገባው ጭድ ቡናማ ሆኖ፣ ሲጨብጡትም ለስልሶ ይገኛል። ሽታ ከሌለው አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ የሻገተ ክፍል ካለ እሱ ይጣላል። የዕለቱን ድርሻ አውጥተው አንድ ሌሊት ካናፈሱት በኋላ ነው ለከብቱ የሚሰጠው፤ መጀመሪያ ከተለመደው መኖ ጋር ጥቂት በጥቂት እየቀላቀሉ።

ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለፈረስ አይሰጥም። የዩሪያ ውሃ የጠጣ ከብት ይሞታል፤ በርሜሉ ክፍት አይደር።

ይህ ዘዴ ያዋጣል ወይ? ለሁሉም ከብት አያዋጣም። አንድ በሬ በቀን ወደ 6 ኪሎ ቢበላ 100 ኪሎው ግማሽ ወር ያህል ቢያቆይ ነው። እኔ የምለው ለእርሻ በሬና ለሚታለብ ላም፣ ያውም ለበልግና ለክረምት እርሻ መግቢያ ብቻ ይሠራ ነው። ሌላው ከብት በተከተፈ አገዳና በጥራጥሬ ገለባ ይለፍ። ላስቲክ መግዛት ለከበደው ሰው መክተፉ ብቻውን ብዙ ነገር ያድናል።

እዚያው መሬቱ ላይ መተው

ከመሬቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ሸፍኖ የቀረ አገዳ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትመጥጠው፣ የበልግ ዶፍም አፈሩን እንዳያጥበው ይከላከላል። ለኮምቦልቻ፣ ለሐርቡና ለደጋን ሞቃት ማሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንቅፋቱ ልቅ ግጦሽ ነው። አጨዳ ካለቀ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት መዋያ በሚሆንበት ቀበሌ አገዳ መተው ለጎረቤት ከብት ማብላት ነው፤ ብቻውን የተወ ሰው ይከስራል። ጎጡ በአንድ ላይ ከተስማማ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ስለሆነ በግል የሚመረጥ አይደለም ቢባል ይቀላል። ምስጥ በበዛበት ቆላም አገዳው እስከ ክረምት ላይቆይ ይችላል።

በኩታበርና በአልቡኮ ዳገታማ ማሳዎች ግን የተሻለ አማራጭ አለ፦ አገዳውንና ጉቶውን በእርከኑ አናት ላይ በአግድም መደርደር። ደለል ያግዳል፣ ለማረሻ አይጠላለፍም፣ ጉልበቱም መጠነኛ ነው። ከብት ቢነካውም ጉቶውን አይጨርሰውም። ለእኔ ለተዳፋት ማሳ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ይህ ነው።

ጥሬውን አገዳ ልክ ከመዝራት በፊት አርሶ መቅበር ግን አይመከርም። አገዳው ሲበሰብስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚወስድ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። መቅበር ካስፈለገ አጨዳው እንዳለቀ፣ ከመዝራቱ ወራት ቀድሞ ነው።

ኮምፖስት

ኮምፖስት ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ስብሰባው በዝቶ ሥራው ስላነሰ ነው። በትክክል ከተሠራ ግን ለጓሮና ለቤት አቅራቢያ ማሳ የሚተካከለው የለም።

ምሥጢሩ ደረቁን ከእርጥቡ ማመጣጠን ነው። አገዳና ጭድ ብቻውን ለወራት ተከምሮ አይበሰብስም፤ ናይትሮጅን ያንሰዋል። ፍግ፣ ሽንት የጠጣ ጉዝጓዝ፣ አረንጓዴ አረም ይፈልጋል። ከሥር አየር እንዲያስገባ ወፍራም አገዳ ይነጠፋል፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል የተከተፈ አገዳ፣ ከላዩ ከዚያ ግማሽ የሚሆን ፍግና እርጥብ አረም፣ በላዩ ጥቂት አፈርና አመድ፣ ውሃ፤ እንዲህ እየተደራረበ እስከ አንድ ሜትር ተኩል። መሐሉ ላይ እንጨት ይሰካል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዝዞ መንካት ነው፦ እጅ የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ አንሶታል፤ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል ወይም አየር አጥቷል። በየሦስት አራት ሳምንቱ ይገለበጣል፤ በሦስት አራት ወር ጥቁር፣ የአፈር ሽታ ያለው ሆኖ ይወጣል።

ቆላና ደጋ እዚህ ላይ ይለያያል። በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል እርጥበት እንዳያመልጥ በጉድጓድ መሥራት ይሻላል። በደሴ ዙሪያ፣ በጢጣና በገራዶ፣ በዝናብ ወቅት ጉድጓድ ውሃ ስለሚያቁር ከመሬት በላይ መከመር ይመረጣል፤ ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገየው ክምሩን በገለባ ማልበስ ያግዛል። ውሃ ተሸክሞ ማምጣት የሚያስፈልግበት ቤት በመስከረምና በጥቅምት፣ አረሙ ገና እርጥብ ሳለ ይጀምር።

ችግሩ ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ኮምፖስት ማስፈለጉ ነው። ለሩቅ ማሳ ማጓጓዙ አይታሰብም፤ ስለዚህ ለሽንኩርቱ፣ ለጎመኑ፣ ለጫቱና ለጓሮ በቆሎው ይዋል። በቤት ውስጥ ኩበት የሚነድ ከሆነም ፍጉ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል። አገዳው ማሳ ላይ እየተቃጠለ ፍጉ ማድቤት ውስጥ የሚነድ ከሆነ አፈሩ ከሁለቱም ወገን ቀረበት። የደረቀውን ጉቶ ለምድጃ አውሎ ፍጉን ወደ ማሳ መመለስ ያንን ያቃናዋል፤ ምርጥ ምድጃ ያለበት ቤት ማገዶውም ጭሱም ይቀንስለታል።

ማክሰልና መሸጥ

ባዮቻር የሚባለውን፣ ማለትም አገዳና ቁጥቋጦን አየር አሳጥቶ አክስሎ አፈር ውስጥ መቅበርን በተመለከተ አጭር ልሁን። አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ከላይ ለኩሰው በላዩ እየጨመሩ ሲያከስሉት፣ ነበልባሉ ጭሱን ስለሚበላው ከሜዳ ቃጠሎ በጣም ያነሰ ጭስ ይወጣል። በውሃ ወይም በአፈር ይጠፋል፣ ከፍግና ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ ይሰነብታል፣ ከዚያ ይበተናል። ጎምዛዛ (አሲዳማ) አፈር ላይ ጥቅሙ ጎላ ይላል። ለጭድ ግን ብክነት ነው፤ ለወፍራም ጉቶና ለተመነጠረ ቁጥቋጦ ብቻ ይሁን።

ሽያጩ ለከተማ ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። የጤፍ ጭድ ለጭቃ ምርጊት፣ ገለባው ለሚያደልቡና ላም ለሚያልቡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ገበያ አለው። አጨዳው እንዳለቀ ሁሉም ስለሚሸጥ ይረክሳል፤ ዝናብ የማይነካው መጠለያ ያለው ሰው እስከ መጋቢት ቢያቆየው ይሻለዋል። የወፍራም አገዳ ገዢ ግን ማግኘት ይከብዳል፤ ያንን ከትፎ ማስበላት ወይም በእርከን ላይ መደርደር ነው።

የቱ ለማን?

በሬና ላም ያለው፣ ማሳው ለጥ ያለ ሰው፦ ጭዱንና የጥራጥሬውን ገለባ ይከምር፣ አገዳውን አራት ሳምንት ፀሐይ አስመትቶ ይክተፍ፣ ከብት የተወውን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ያስገባ። ከብት የሌለው ሰው ከባለከብት ጎረቤቱ ጋር ይዋዋል፤ አገዳውን ሰጥቶ ፍግ መቀበል ከሁለቱም ወገን የማይጎዳ ውል ነው። ዳገት ላይ ያለ ሰው እርከኑን ያስቀድም። ጉልበት የሌላት ባልቴት ጉቶ ነቅላ ትከምር ማለት ጭካኔ ነው፤ የእሷ ማሳ በጅጌው ተራ ውስጥ ይግባ።

አንድ ነገር ላይ ግን እሳትን አልከለክልም። ቅንጬ አረም ዘር ከያዘ በኋላ ለኮምፖስት አይሆንም፤ ክምሩ በደንብ ካልጋለ ዘሩ ተርፎ ማሳውን ሁሉ ይወርሳል። አበባ ሳያወጣ ከተነቀለ ኮምፖስት ውስጥ መግባት ይችላል፤ ለቆዳና ለመተንፈሻ ስለሚያስቸግር ጓንት አድርጎ፣ አፍንጫ ሸፍኖ መንቀል ነው። ዘር ከያዘ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር፣ ካልሆነ በትንሽ በትንሹ ማቃጠል።

የሚቃጠል ነገር ከተገኘ ጊዜው ከረፋድ አራት ሰዓት ወዲህ፣ ፀሐይ አየሩን ካነሳችው በኋላና ነፋሱ ሳይበረታ ነው። ማታና ማለዳ በፍጹም አይሁን፤ ያኔ ነው ጭሱ መንደሩ ላይ የሚተኛው። እርጥብ ነገር አይቃጠል፣ ጭሱን የሚያበዛው እርጥበቱ ነው። ዙሪያውን ሁለት ሜትር መሬት ጠርጎ፣ ውሃና ቅጠል ይዞ፣ ሰው አቁሞ፣ ለጎረቤት ነግሮ። ፕላስቲክ፣ የማዳበሪያ ጆንያና ጎማ አይጨመርበት።

ከተማ ለሚኖረው

የገበሬውን ክብሪት የምንወቅስ የከተማ ሰዎች የራሳችንም አለን። ኅዳር 12 ቀን ደጃፉን ጠርጎ ቆሻሻውን ማጠን በ1911 ዓ.ም. አገሩን ከፈጀው የኅዳር በሽታ የመጣ ልማድ ነው። የያኔው ቆሻሻ ገለባና ቅጠል ነበር። የዛሬው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ጭሱም የከፋ መርዝ ይዞ ይወጣል። ጠረጋው ይቀጥል፤ ቆሻሻው ለሚያነሱት ማኅበራት ይሰጥ።

ጭስ በተኛበት ማለዳ መስኮት እስከ ረፋድ ዘግቶ መቆየት፣ ሩጫና ስፖርትን ከሰዓት በኋላ ማድረግ፣ አስም ላለበት ልጅ የሚነፋውን መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ማስገባት ይጠቅማል። ተራ ጨርቅና የተለመደው የሕክምና ጭንብል ደቃቁን ብናኝ በበቂ አያስቀርም፤ ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ገጥሞ ከተደረገ ያስቀራል።

ሕግ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አየርን የሚበክል ሰው ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ወሎ ውስጥ ግን ከአዋጅ ቀድሞ ሰው የሚሰማው የቅሬውን፣ ማለትም የመንደሩን እድር፣ ውሳኔ ነው። ቅሬው ልቅ ግጦሽ እስከ መቼ እንደሚቆም፣ አገዳውን ማን ከማን እንደሚወስድ፣ መቃጠል ያለበት ነገር በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚቃጠል፣ የአቅመ ደካሞች ማሳ በማን ጅጌ እንደሚጸዳ መወሰን ይችላል። የሚያስተምር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ካለ የዩሪያውን ጉድጓድ በአንድ ቤት ለሁሉም እንዲያሳይ ይጠራ። ስብሰባው ከጥቅምት ባያልፍ ይሻላል፤ ኅዳር ከገባ ሁሉም አጨዳ ላይ ነው።